የ2100 ፋሲካ

ጥቅምት ሲቀነስ 19 የሚባል ቀን የለም። እኔ የጻፍኩት ኮድ ግን አለ ብሎ ድርቅ አለ።

ባለፈው ክረምት ለአንድ ደንበኛ የዘመን መቁጠሪያ አፕ እየሠራሁ ነበር። ሥራው ከባድ አይመስልም። መስቀል መስከረም 17 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ አንዴ ጽፈኸው ትሄዳለህ። የሚያስቸግረው ፋሲካ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይመጣም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ በመሐል ግን የትኛውም እሑድ ላይ ሊውል ይችላል። ሲንቀሳቀስ ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ሆሳዕናን፣ ዕርገትን፣ ጰራቅሊጦስን አስከትሎ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ራሱን፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ወደ ኮድ መቀየር ነበረብኝ። ጻፍኩት። 2017ን ሰጠሁት፤ ሚያዝያ 12 አለ፤ ልክ። 2018 አልኩት፤ ሚያዝያ 4 አለ፤ ልክ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ፕሮግራመር ጥግ ጥጉን ልፈትን ብዬ 2100 ጻፍኩ። ያኔ ነው ጥቅምት ሲቀነስ 19 ያለኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ባግ ነው። ግን ባጉ ለምን ያን ያህል እንደያዘኝ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ትንሽ ስለ ራሴ ልናገር።

የጎንደር ልጅ ነኝ። ተመርቄ አዲስ አበባ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ፣ በ2015 ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ሐሳባችን ከውጭ ሥራ እየተቀበልን፣ እዚያው አገራችን እየኖርን መሥራት ነበር። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቀልንና የአምስት ዓመት ዕቅድ ጻፍንበት። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ይልቅ ያንን ሰሌዳ ማየት ደስ ይለን ነበር። ማታ ማታ ቡና አፍልተን፣ "በ2018 ሃያ ሰው እንቀጥራለን"፣ "ኧረ ሠላሳ" እየተባባልን እናመሻለን። ገና ያልተቀጠሩት ሰዎች የት እንደሚቀመጡ ሳይቀር ተከራክረናል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግጭቱ በረታ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሪሞት ሥራ ያለ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክፍሉን ለቀቅን። አንዱ ጓደኛችን ውጭ ሄደ፣ ሁለታችን አዲስ አበባ ተመለስን፣ አንዱ እዚያው ቀረ። ሰሌዳውን ማን እንደወሰደው እንኳን አላውቅም። የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። እናቴ መንገዱን ፈርታ "እንዳትመጣ" ስላለችኝ በዓሉን አዲስ አበባ በስልክ አሳለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ዕቅድ የሚል ቃል ስሰማ ያሳፍረኝ ጀመር። "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?" ሲሉኝ፣ "ነገን ማን ያውቃል" የምትል መልስ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። በሥራ ላይ በሁለት ሳምንት ስፕሪንት ነው የምንሄደው፤ ሕይወቴንም በዚያው ልክ ቆረጥኩት። ከሁለት ሳምንት ወዲያ ያለውን ላለማየት።

እንግዲህ 2100 ብሎ የጻፈው ያ ሰው ነው።

ባጉ የቱ ጋ እንዳለ እንዲታያችሁ ካልኩሌተር አውጡና የ2018ን አብረን እንሥራ። በባሕረ ሐሳብ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራል። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይመጣል፤ ዓመተ ዓለም ይሉታል። ይህን ለ4 አካፍሉ፤ 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። አሁን 1879ን ከ7518 ጋር ደምሩና ለ7 አካፍሉ፤ 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ እያለ ይቀጥላል። መስከረም 1 ሐሙስ ነበር አይደል?

ቀጥሎ 7518ን ለ19 አካፍሉ፤ 13 ይተርፋል። ከእሱ አንድ ቀንሱ፤ 12። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው፤ በ19 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ቀኑም እሑድ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ የእሑድ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ጥር 25 ነነዌ ገባች ማለት ነው። ከነነዌ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 4 ላይ ትደርሳላችሁ። ፋሲካ።

ለኛ ሙያ ሰዎች ይህ ሁሉ "አካፍለህ የተረፈውን ያዝ" ሞዱሎ ነው። አንድ ቁጥር ታስገባለህ፣ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት በሙሉ ይወጣሉ። ያለፈውን ዓመት ማስታወስ አያስፈልግም፣ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ከበስተጀርባው ያለው ደግሞ ሰማዩ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ የጨረቃ አሥራ ሁለት ወር 354። በየዓመቱ 11 ቀን ይራራቃሉ፤ አበቅቴ በ11 የሚበዛው ለዚህ ነው። በ19 ዓመት ግን ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ይህ ንዑስ ቀመር ነው። የሳምንቱን ቀናትና የአራቱን ወንጌላውያን ዙር ስትጨምርበት በ532 ዓመት ሁሉም ነገር ወደ ጀመረበት ይመለሳል፤ ይህ ዓቢይ ቀመር ነው።

አሁን 2100ን አስገቡ። 5500 እና 2100፣ 7600። ለ19 ስታካፍሉት 400 ጊዜ ደርሶ ምንም አይተርፍም። ከዜሮ አንድ ስትቀንሱ አሉታዊ አንድ፤ በ19 ስታባዙት አሉታዊ 19። ኮዴ ያለ ምንም ኀፍረት ጥቅምት ላይ ለጠፈው።

መልሱን ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ እችል ነበር። የፈለግኩት ግን ለመደወል ሰበብ ነው። የአባቴ አጎት ዳባት ናቸው፤ ሰሜኑ ደጋ ላይ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ የቤተ ክርስቲያን መምህር ስለሆኑ ቤተሰቡ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ልጅ እያለሁ ክረምት ላይ ስንሄድ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የመጪውን ዓመት በዓላት ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ። ያኔ እንደ አስማት ነበር የሚመስለኝ።

"የኔታ፣ የ2100ን ፋሲካ ላወጣ ብዬ ቸገረኝ።"

"የስንት?"

"የሁለት ሺህ አንድ መቶ።"

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ የከርሞውስ መቼ መጣና!" ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ የመምህር ድምፅ ሆነ። "በል፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ገድፈህ ስንት ተረፈህ?"

"ምንም።"

"ምንም ካልተረፈህ ዐሥራ ዘጠኙ ሙሉውን ተረፈህ ማለት ነዋ። አንዱን ለዘመኑ ተው። ዐሥራ ስምንት ወንበር።"

"ግን አንዱ ለምን ይቀነሳል?"

"የያዝነው ዓመት ነዋ። ገና አልተፈጸመም። ያልተፈጸመ ዓመት ቆጥረህ ምን ልታደርገው ነው?"

አስተካከልኩት። ወንበር 18፣ መጥቅዕ 12። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓሉ ጥቅምት 12፣ ሰኞ ነው፤ የሰኞ ተውሳክ 6፤ ነነዌ የካቲት 18። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን 2100። የኔታ ስልኩን ሳይዘጉ በአፋቸው አውጥተውት ኖሮ ከኔ ቀድመው "ሚያዝያ ሃያ ሰባት" አሉኝ። ቀጥለው ያሉትን አልረሳውም። "እኔና አንተ አንኖርም። ላሉት ያድርሳቸው።"

ሚያዝያ 27። የዚያች የ2016 ፋሲካ ቀን።

እዚህ ላይ ሥራው አለቀ፤ የኔ ፍለጋ ግን ጀመረ። አንድ ነገር አልገባኝ አለ። እኔ ለሁለት ሳምንት ማቀድ ያቃተኝ አገር ላይ፣ ይህ ስሌት እንዴት 532 ዓመት እያሰበ ኖረ? የጌታቸው ኃይሌን "ባሕረ ሐሳብ" አገኘሁ፤ ኦቶ ኖይገባወር የሚባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 (በፈረንጆቹ) ስለ ኢትዮጵያ ስሌት ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንዳወጣም አወቅኩ። ኖይገባወርን ያስደነቀው በጥንታዊት እስክንድርያ ይሠራበት የነበረው ስሌት በግዕዝ ብራናዎች ውስጥ ተጠብቆ መገኘቱ ነው።

በኛ ትውፊት ስሌቱን ያገኘው ድሜጥሮስ ነው፤ ከ189 እስከ 232 ገደማ የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ የነበረው። በዓላቱ የሚውሉበትን ቀን ለማወቅ ሌሊት 23 ሱባዔ፣ ቀን 7 ሱባዔ ገባ ይባላል። እስቲ አባዙት፤ አንድ ሱባዔ ሰባት ነው። 23 በ7፣ 161፤ ለ30 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አበቅቴ። 7 በ7፣ 49፤ ለ30 ሲካፈል 19 ይተርፋል፤ መጥቅዕ። ቀመሩን ተማሪ እንዳይረሳው ታሪክ ውስጥ ደብቀውታል። ከኮሜንት ይሻላል፤ የኔን ኮሜንት ከሦስት ወር በኋላ እኔም አላነበውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አቡሻኽር የሚባል ግብጻዊ ሊቅ ይህን ሁሉ በሰፊው ጻፈ፤ መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በስሙ አቡሻኽር እየተባለ የትምህርት መጽሐፍ ሆነ። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ዶናልድ ክኑዝ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሒሳብ ትልቁ ሥራ የፋሲካን ቀን ማውጣት እንደነበረ ጽፏል። እኛም ጋ ትልቁን የቁጥር ሥራ የተሸከመው ፋሲካ ነው።

የኔን ጥያቄ የመለሰልኝ ግን የጎንደር ታሪክ ነው።

ከተማ የሚለው ቃል ድሮ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉና እየነቀሉ ነበር የሚኖሩት፤ ማገዶው ሲያልቅ፣ ቀለቡ ሲሳሳ፣ ወደ ሌላ ይነሳሉ። ፋሲል የነገሠው አባቱ ሱስንዮስ ከሮማ ካቶሊክ ጋር በተያያዘው ደም መፋሰስ ተስፋ ቆርጦ በ1632 (እ.ኤ.አ.) ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ ነው። ከዚያ አራት ዓመት አልፎ፣ በ1636፣ በኛው በ1628፣ ጎንደርን መቀመጫው አደረገ። እስቲ አስቡት፤ አገሩ ገና ከእርስ በርስ ጦርነት መውጣቱ ነው። ሰውየው ግን በድንጋይና በኖራ መገንባት ጀመረ። ድንኳን ለከርሞ ነው፤ ድንጋይ ለልጅ ልጅ ነው።

በስሙ የሚጠራውን ጥምቀተ ባሕር ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው። ጥምቀት ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባበት ይጀምራል። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሮጠን ሄደን "ስንት ደረሰ?" እንባባል ነበር። ጥር 11 የሚሆነው ሁሉ ውብ ነው፤ ሆኖም ከልጅነቴ በደንብ የማስታውሰው ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ሳይሸፍን ያለውን ሰሞን ነው። ታቦታቱ አልወጡም፣ እንግዳው አልመጣም፣ ግን ቀኑ ታውቋል፣ ውኃውም እየመጣ ነው።

ደስታው ግን ሰላም ስለነበረ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ኢያሱ ቀዳማዊ በ1706 (እ.ኤ.አ.) ከተገደለ በኋላ በካፋ እስኪነግሥ ድረስ ባሉት 15 ዓመታት አራት ነገሥታት ተፈራርቀዋል። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ግን ዓመቱን ሲጀምሩ ወንጌላዊው ማን እንደሆነ፣ አበቅቴው ስንት እንደሆነ መጻፍ አልተዉም። ማን እንደሚነግሥ አያውቁም፤ ጾም መቼ እንደሚገባ ያውቃሉ።

ኮዴን ወደ ኋላ አስኬድኩት። 1762 ዓ.ም.፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የካቲት ላይ ጎንደር የገባበት ዓመት። ዘመነ መሳፍንት መጀመሩ ነው፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ አውራጅ ንጉሥ ሰቃይ ነበሩ፤ ብሩስ በየመንገዱ ያየውን ሬሳ ጽፎታል። ከዚያችው አገር ይዞ የተመለሰው ደግሞ ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት ሰፊ ክፍል ያለው መጽሐፍ። የዚያ ዓመት ፋሲካ? ሚያዝያ 9።

1880 ዓ.ም.። ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ድርቡሽ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ አሸንፎ ጎንደር ገባ። ቴዎድሮስ በ1866 (እ.ኤ.አ.) ካቃጠሏት ገና በቅጡ ያላገገመችው ከተማ እንደገና ነደደች፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፣ ሕዝቡ ተማረከ። ከብቱን የጨረሰው ክፉ ቀንም በዚያው ሰሞን መጣ። የ1880 ፋሲካ? ሚያዝያ 29፤ ሊዘገይ ከሚችለው ቀን አንድ ብቻ የቀረው። ይህንን መስከረም 1 ቀን ሲታወጅ የሰማ ሰው ጥር ላይ ቤቱ ሲቃጠል አይቷል። ሚያዝያ 29 ግን አልተቃጠለም። የተረፉት በየገቡበት ጫካና ተራራ በዚያው ቀን ጾማቸውን ሊፈቱ ይችሉ ነበር፤ ተነጋግረው ሳይሆን አስቀድመው ስለሚያውቁት።

ይህን ሳይ ስለ ነጭ ሰሌዳችን አሰብኩ። እኛ የጻፍነው ምን እንደሚሆን ነበር፤ ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ሰሌዳው ውሸታም ሆነ፤ እኛም አብረን። ባሕረ ሐሳብ ግን ምን እንደሚሆን አንድም ቃል አይናገርም። መቼ እንደምንገናኝ ብቻ ነው የሚናገረው። ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይታቀዳል። ለምሳሌ ሠርግ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው የሠርግ ወቅት በ2018 ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ በ2016 ግን ሃምሳ አንድ ቀን ነበር። ጠላ ጠማቂዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ በሬ አድላቢው፣ ሙሽራዋ፣ ሁሉም ይህችን ቁጥር አስቀድመው ይፈልጓታል። የዳባት ገበሬም ብድሩን "ለሰኔ ሚካኤል እመልሳለሁ" ነው የሚለው። ምርቱ ያምራል አላለም። ቀኑን ሰጠ።

የቀረውን አማርኛው ራሱ ይዞታል፤ "ያድርሰን" እንላለን። ቀኑ በኛ ስሌት ይታወቃል፤ መድረሱ በኛ አይደለም። እኔ ሁለቱን አደባልቄ መድረሱ እርግጠኛ ስላልሆነ ቀኑንም ትቼው ነበር። የኔታ በ2100 እንደማይኖሩ እያወቁ ስሌቱን ከኔ ቀድመው ሲያወጡ ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ነገር ደስታ ነበር። እዚያ ፋሲካ ላይ ሰው እንደሚኖር ያለ ጥርጥር ነው የሚያወሩት።

አፑን ከማስረከቤ በፊት ባጉ ሌላ የት ሊነሳ ይችል እንደነበር አጣራሁ። ለ19 ያለ ቀሪ የሚካፈለው ቀጣዩ ዓመት 2100 አልነበረም፤ በጣም ቅርብ ነው፤ 2024። ባይያዝ ኖሮ ያን ዓመት ተጠቃሚው ሁሉ የተሳሳተ ፋሲካ ይደርሰው ነበር። ትክክለኛውን አወጣሁትና ለሦስቱ ጓደኞቼ ላክሁት። ከተበተንን በኋላ ቡድናችን ውስጥ ማንም ስለ ወደፊት ጽፎ አያውቅም። "የ2024 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። የትም እንሁን የት፣ ጎንደር እንገናኝ። ሥራ፣ ኩባንያ ምናምን የለም። ዶሮ ብቻ።"

ውጭ ያለው ቀድሞ መለሰ፤ "ስድስት ዓመት ሙሉ?" አለ። ጎንደር የቀረው ደግሞ "ዶሮውን ማን ይገዛል?" አለ። ስለ ዶሮው እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራከርን።

ሚያዝያ 24 ቀን 2024፣ እሑድ። ያድርሰን።